የብረት ውጥረትና የሰው ፊት
(በድሬዳዋ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ሠራተኛ ጤንነት አንድ ንግግር እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ከእኔ የጠበቀው ስለ መውደቅ አደጋ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ንዝረት ወይም ስለ በረሃ ሙቀት እንድናገር እንደ ነበር አውቃለሁ። እኔ ግን የመረጥሁት ስለ ብጉር ነው። ፈገግታችሁን እያየሁ ነው፤ አልቀየምም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን እኔም አብሬአችሁ እስቅ ነበር። ብጉር ጢም ሲያቀጠቅጥ የሚመጣ፣ ጎጆ ሲወጣ የሚጠፋ የጎረምሳ ነገር ነው ብዬ አምን ነበርና።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ አይሻ ነው። ላላያችኋት ያህል፣ አይሻ በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መሥመር ላይ ትገኛለች። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው የጥንቱ የባቡር ሐዲድ አልፎባታል፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመርም በዚያው ወረዳ ያልፋል። የእኛ ሙያ ሰው ግን አይሻን ይበልጥ የሚያውቃት በነፋሷ ነው። እያንዳንዳቸው 2.5 ሜጋ ዋት በሚያመነጩ 48 ተርባይኖች 120 ሜጋ ዋት ኀይል እንዲሰጥ የታቀደው የአይሻ ቁጥር 2 የነፋስ ኀይል ማመንጫ በዚያ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለተርባይን ሀብት የሆነው ያ ደረቅ ነፋስ ታዲያ፣ አሸዋ ይዞ ሲመጣ ለሰው ፊት የሚራራ አይደለም።

እኔ በዚያ አካባቢ በአንድ የግንባታ ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። የሥራውንና የባለቤቱን ስም መጥራት ለዛሬው ጉዳይ አይጠቅምም። ሥራው ከመርሐ ግብሩ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በቀን ሙቀቱ ኮንክሪት ስለማያስሞላ የምንሞላው ሌሊት ነበር፤ ቀን ደግሞ ሪፖርት ይጻፋል፣ ስልክ ይደወላል፣ ሲሚንቶ ይጠየቃል። በሌሊት ከአራት ሰዓት በላይ የተኛሁበትን ቀን አላስታውስም። በሁለተኛው ወር መጨረሻ፣ በ32 ዓመቴ፣ በዩኒቨርሲቲ ዘመኔ እንኳ ያላየሁት ብጉር በአገጬና በመንጋጋዬ ዙሪያ ፈላ። ከእኔ ይልቅ የባሰበት ግን አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት ቀያሽ ነው። ስለ እርሱ ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ ይህን ንግግር እንድጽፍ ያደረገኝ እርሱ ነውና።

ጭንቀት ብጉር ያመጣልን? በካምፑ ሁሉም ሰው «ያመጣል» ይል ነበር፤ ሁሉም ሰው የሚለው ነገር ሁልጊዜ እውነት ስላልሆነ ነገሩን ለማንበብ ተነሣሁ። ባነበብሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያጋጠመኝ ነገር የራሳችን የሙያ ቃል ነበር። እንደምታውቁት ስትሬስ ማለት በኛ መጽሐፍ በአንድ የስፋት መጠን ላይ የሚያርፈው ኀይል ነው፤ ስትሬይን ደግሞ በዚያ ኀይል ምክንያት በቁሱ ላይ የሚታየው የቅርጽ ለውጥ ነው። አንደኛው የሚጫነው፣ ሁለተኛው የሚሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የልዩ ልዩ ጉዳት የደረሰባቸው እንስሳት አካል አንድ ዓይነት ምላሽ እንደሚሰጥ በአንድ አጭር ጽሑፍ ያስታወቀው ሐንስ ሴልዬ፣ ኋላ «ስትሬስ» የሚለውን ቃል ከመሐንዲሶች ወስዶ ለሕክምና ሰጠ። ሲሰጥ ግን ሁለቱን ቃላት አደባልቋቸዋል፤ እርሱ የሚናገረው በአካሉ ላይ ስለሚሆነው እንጂ ስለሚጫነው ስላልነበረ፣ ትክክለኛው ቃል ስትሬይን መሆን ነበረበት። ይህንንም ራሱ በኋላ ዘመኑ የእንግሊዝኛ ዕውቀቱ ማነስ ያመጣው መሆኑን አምኗል። የአንድ መሐንዲስ ምክር በጊዜው ባገኝ ኖሮ የሕክምና መጻሕፍት ሁሉ በተቃኑ ነበር ብዬ በልቤ መኩራራቴን አልደብቅም።

ቀልዱን ልተወውና፣ ልዩነቱ ጠቃሚ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ጭነት ተሸክመው የአንዱ ፊት ሲፈላ የሌላው ሳይነካ ይቀራል። ቁሱ የተለያየ ነዋ! በዘር የሚወረስ የቆዳ ጠባይ አለ፤ ጭንቀት በሌለበት ቆዳ ላይ ብጉርን ከባዶ አይፈጥርም፤ ያለውን ያባብሳል፣ ያደፈጠውን ያወጣል።

ብጉር የሚጀምረው ፀጉር በሚበቅልባት ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ከቀዳዳዋ ጎን ስብ የሚያመነጭ ትንሽ ዕጢ አለ። የቀዳዳዋ ውስጠኛ ቆዳ ከልኩ በላይ እየረገፈ ከስቡ ጋር ይጋገርና ቀዳዳዋን ይደፍናታል፤ በውስጧ የሚኖረው ባክቴሪያ ይበዛል፤ አካልም ይህን ሲቃወም ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያመረቅዛል። ማናችንም ብንሆን የተደፈነ ቱቦ ምን እንደሚያደርግ አይጠፋንም። የጭንቀት መልእክት ደግሞ ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በኩላሊት አናት ላይ ወደ ተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ይወርዳል፤ እነርሱም ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን ይለቅቃሉ። ሳይንቲስቶችን ያስገረማቸው፣ ከአንጎል የሚነሣው ያ የመጀመሪያ መልእክተኛ በቆዳችን የስብ ዕጢ ውስጥም ተቀባይ ያለው ሆኖ መገኘቱ ነው። ቆዳ የአንጎልን ጭንቀት በቀጥታ ይሰማል ማለት ነው።

በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ብዙ ባይሆኑም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 22 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በፈተና ወቅትና ፈተና በሌለበት ጊዜ መርምሮ፣ ጭንቀታቸው የበለጠ የጨመረባቸው ተማሪዎች ብጉራቸውም የበለጠ እንደ ተባባሰ አገኘ። 22 ሰው ትንሽ ነው፤ በ22 የኮንክሪት ናሙና ግድብ የሚያጸድቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2007 በሲንጋፖር 94 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፤ ብጉሩ በጭንቀት ጊዜ ሲብስ፣ የፊታቸው ስብ መጠን ግን ያን ያህል አልተለወጠም። ይህ ውጤት ትልቅ ነገር አሳየኝ። ጭንቀት የሚሠራው ስብ በማብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ምናልባትም ይበልጡን፣ ቁጣውንና እብጠቱን በማባባስ ነው። ስለዚህ ፊቱ ወዛም ሆነብኝ ብሎ በቀን ስድስት ጊዜ በሳሙና የሚፈትግ ሰው የተሳሳተውን በር እያንኳኳ ነው።

ሦስተኛም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት 11 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በላንቃቸው ላይ አንዲት ጥቃቅን ቁስል አንድ ጊዜ በእረፍት ወራት፣ ሌላ ጊዜ ከፈተና በፊት ተደርጎባቸው፣ የፈተናው ጊዜ ቁስል ለመዳን 40 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወሰደ፤ ከ11ዱ አንዱ እንኳ በፈተና ሰሞን እንደ እረፍቱ ጊዜ ፈጥኖ አልዳነም። ስለዚህ የተጨነቀ ሰው ብጉር መውጣቱ ብቻ ሳይሆን መሰንበቱም ነው ነገሩ።

እስካሁን የተናገርሁት በደም ውስጥ ስላለው መንገድ ነው። እኔ ግን በአይሻ ያየሁት የሚብሰው መንገድ በእጃችን በኩል ያለው ነው። የተጨነቀ ሰው እጁ ሥራ አይፈታም። ስልክ ይዞ መርሐ ግብር ሲከራከር ሌላው እጁ አገጩን ይዳብሳል፤ ያገኛትን እብጠት ይጫናል፣ ይጨምቃል፣ ያፈርጣል። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ብጉሩ ራሱ በሳምንት ውስጥ ቢጠፋም የተጨመቀበት ቦታ ለወራት ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ብዙ ወጣቶች የሚያለቅሱት በብጉሩ ሳይሆን በዚህ ጥቁረት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ችኮላው ነው። በሥራ ላይ ቀን የሚቆጥር ሰው ለቆዳውም ቀን ይቆጥራል፤ በሦስት ቀን ውጤት ያላየበትን ቅባት ጥሎ ሌላ ይገዛል።

ወጣቱ ቀያሽ ያደረገው ይህንን ነው። ሊታጭ የቀረው ጥቂት ጊዜ ነበር፤ ሽማግሌ የሚላክበት ቀንም ተቆርጦ ነበር። አንድ ቀን ከከተማ አንድ ትንሽ ቱቦ ቅባት ገዝቶ መጣ። በሳምንቱ ፊቱ ጠርቶ፣ ለስልሶ፣ ቀልቶም ታየ። በካምፑ ያለ ወጣት ሁሉ ስሙን ጠየቀው፤ እኔም ጠየቅሁት። እንዲያውም፣ ላለመዋሸት፣ አንድ ቱቦ እንዲያመጣልኝ ገንዘብ ሰጥቼው ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቅባቱ አለቀበትና በነፋሱ ምክንያት መኪና ሳይወጣ ሰነበተ። በአምስተኛው ቀን ፊቱ እንደ ተቃጠለ ሰው ቀላ፤ ከጉንጩ እስከ ግንባሩ አንድ ዓይነት መልክ ባላቸው ትናንሽ ብጉሮች ተሸፈነ። መሣሪያውን ተክሎ በሌንሱ ለማየት እንኳ ሰው እስኪርቅ ይጠብቅ ጀመር። የምግብ አዳራሽ መግባት ተወ። በመጨረሻም ሥራውን ለቅቆ ለመሄድ ማመልከቻ ጽፎ አመጣልኝ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «የግል ጉዳይ» ይላል።

ማመልከቻውን በመሳቢያዬ አስቀምጬ በማግሥቱ በመኪና ወደ ድሬዳዋ ይዤው ወረድሁ። የቆዳ ሐኪሙ ቱቦውን አንዴ አየት አድርገው፣ «ይህን ስንት ጊዜ ተቀባህ ልጄ?» ብለው ጠየቁት። ክሎቤታሶል ነበረ። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉት ቅባቶች ስቴሮይድ ናቸው፤ ለተወሰኑ የቆዳ በሽታዎች በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲሰጡ እጅግ ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው። በፊት ላይ ሲሰነብቱ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ የደም ሥሮችን ያወጣሉ፣ ራሳቸውም ብጉር ያመጣሉ፤ በድንገት ሲተዉ ደግሞ የታፈነው ቁጣ ሁሉ ተባብሶ ይመለሳል። በአገራችን በየሱቁ ፊት ማጥሪያ ተብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣሉ። ሐኪሙ የነገሩን ሌላ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የጭንቀቱ ሆርሞን ኮርቲዞል ራሱ ስቴሮይድ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ያለውም የእርሱ እጅግ የበረታ የሥጋ ዘመድ ነው። ልጁ ከጭንቀት ያመለጠ መስሎት የጭንቀቱን ሆርሞን ዘመድ ፊቱን ሲቀባ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ የተማርሁትን ስነግራችሁ በራሳችን ቋንቋ ብናገር ይቀላል። ኮንክሪት በ28ኛው ቀን ይፈተናል እንጂ በሦስተኛው ቀን አልጠነከረም ተብሎ አይፈርስም። የላይኛው የቆዳ ድርብርብም ተራውን ጨርሶ የሚታደሰው በአራት ሳምንት ግድም ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ይረዝማል። ዛሬ ፊት ላይ የታየው ብጉር የተደፈነው ከሳምንታት በፊት ነው። ስለዚህ አንድ መድኃኒት ሠራ ወይም አልሠራም ለማለት ቢያንስ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ያስፈልጋል። የተጨነቀ ሰው የሚያጣው ይህንኑ ትዕግሥት ነው።

ክብካቤው ራሱ ጥቂት ነገር ነው። ፊትን ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፤ የልብስ ሳሙና ግን ቆዳ ይልጣል፣ ይቅር። ከዚያም ቀለል ያለ፣ ቅባት ያልበዛበት ማለስለሻ። «ፊቴ እየወዛ ለምን እጨምርበታለሁ?» የሚል አይጠፋም። በአይሻ ነፋስ አዲስ የተሞላ ኮንክሪት በእርጥብ ጆንያ ካልተሸፈነ ላዩ እንደሚሰነጠቅ እናውቃለን፤ የደረቀ ቆዳም ይቆጣል፣ መድኃኒቱንም አይችልም። በመድኃኒት ረገድ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ በብዙ ፋርማሲ ይገኛል። እዚህ ላይ የመሐንዲስ ጠባያችን ያሳስተናል፤ 10 በመቶው ከ2.5 በመቶው አራት እጥፍ ይሠራል ብለን እናሰላለንና። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት ግን 2.5 በመቶው ከ5ና ከ10 በመቶው ጋር የተቀራረበ ውጤት እንዳለው፣ ማቃጠሉ ግን ከ10 በመቶው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ፎጣና የትራስ ልብስ እንደሚያነጣ ግን አስቀድሜ አስጠነቅቃለሁ፤ ሁለት ሸሚዝ አበላሽቶብኛል። ማታ ማታ አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል አዳፓሊን ፊትን በሙሉ በስሱ መቀባት የተደፈነውን ቀዳዳ ይከፍታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያደርቃል፣ ስለዚህ በየሁለት ቀኑ መጀመር ይሻላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፅነስ የምታስብ እኅት አዳፓሊንን ትተው፤ አዜላይክ አሲድ ለእርሷ የተሻለ ነው፣ ለጥቁረቱም ይረዳል። የፀሐይ መከላከያ ያገኘ ይቀባ፤ ያላገኘ ሰፊ ባርኔጣ ያድርግ፤ ጥቁረቱን የምታጸናው ፀሐይ ናት።

ብጉሩ ትልልቅና የሚያም ከሆነ፣ ወይም ጎድጓዳ ጠባሳ መተው ከጀመረ፣ ነገሩ ከእኔ ንግግር በላይ ነውና ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የተቋቋመው አለርት፣ ዛሬ ልዩ ልዩ የቆዳ በሽታዎች የሚታከሙበት ሆስፒታል ነው። ወደዚያ መሄድ ነውር አይደለም።

በአይሻ ገበያ፣ እንደ አገሬው አጠራር «ኤዶ» የምንላቸው አንዲት ባለ ሱቅ፣ ፊቴን ሲያዩ አንድ ከረጢት አረንጓዴ ዱቄት ሰጥተውኝ ነበር። ቀሲል ይባላል፤ ሶማሌዎች ጎብ፣ እኛ ቁርቁራ የምንለው ዛፍ ቅጠል ተፈጭቶ ነው። በውሃ ሲበጠበጥ አረፋ ያወጣል፤ ቅጠሉ ሳሙናነት ያለው ንጥረ ነገር አለው። ብጉር ይፈውሳል ለማለት አልደፍርም። ፊትን ግን በሚገባ ያጸዳል፤ ደርቆ ፊት ላይ ሳይቆይ ቶሎ ከታጠቡትም አይጎዳም። ኤዶ ከዱቄቱ ጋር የሰጡኝ ምክር፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ተኛ» የሚል ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሙያችን ልጨምር። ብጉር ሁሉ የጭንቀት አይደለም። የራስ ቁራችን ማሰሪያ በሚያርፍበት በአገጭ ሥር ብቻ የሚወጣው ከመጫንና ከላብ የመጣ ነው፤ ማሰሪያውን ማጠብ ይበቃዋል። ግራሶና የሞተር ዘይት የነካው ልብስ በጭን ላይ ብጉር ያወጣል። ጠጉራቸውን ቅቤ የሚቀቡ ሰዎች ግንባራቸው ላይ ሊወጣባቸው ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራው በአሮጌ ትራንስፎርመሮች ዘይት ውስጥ የሚገኘው ፒ.ሲ.ቢ. የሚያመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በምዕራብ ጃፓን፣ በአንድ የዘይት ፋብሪካ የሙቀት ማስተላለፊያ ቱቦ ፒ.ሲ.ቢ. አፍስሶ ከሩዝ ዘይት ጋር በተቀላቀለ ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች በሽታቸው መጀመሪያ የታወቀው ፊታቸውን በሸፈነው ብጉር ነበር። አሮጌ ትራንስፎርመር የሚፈታ ሠራተኛ በጉንጩና ከጆሮው ኋላ ጥቁር ራስ ያላቸው ብጉሮች ቢያወጣ፣ «ተጨንቀህ ነው» ብለን እንዳናልፈው።

ጭንቀቱን ስለ ማቅለል ብዙ አልናገርም፤ ጭነቱን ፈጽሞ ማውረድ በእጃችን ስላልሆነ። እኔ ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሌሊት ሙሊትን በሁለት ቡድን ከፈልሁት፤ አንዱ ቡድን ሲሠራ ሌላው ስድስት ሰዓት ሙሉ እንዲተኛ፣ ስልክም እንዳይደወልለት አዘዝሁ። ከሰዓት በኋላ ጫት ተቅሞ ሌሊቱን በዐይን ማፍጠጥ የለመደው ቡድን ለሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። የሥራው ፍጥነት ግን አልቀነሰም፤ እንደ ፈራሁት ሳይሆን ቀርቶ ስሕተትም አነሰ። የእኔ ፊት በሦስተኛው ወር ጠራ። በመድኃኒቱ ይሁን በእንቅልፉ መለየት አልችልም፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት ስለ ጀመርሁ ሙከራው የተበላሸ ነው።

ወጣቱ ቀያሽ ቅባቱን በሐኪሙ አመራር ቀስ በቀስ ተወ። የመጀመሪያው ወር ክፉ ነበር፤ አብረነው ምግብ በድንኳኑ በራፍ በላን። ሽማግሌ የሚላክበት ቀን አልተራዘመም፤ ልጅቱ ራሷ ናት «አይራዘም» ያለችው። በአራተኛው ወር ፊቱ ላይ የቀረው ጥቁረቱ ብቻ ነበር፤ እርሱም በዓመቱ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል። ማመልከቻው አሁንም በመሳቢያዬ ነው። እኔ ያዘዝሁትን ቱቦ ደግሞ ሳልከፍተው ለድሬዳዋው ሐኪም ሰጥቻቸዋለሁ፤ ለተማሪዎቻቸው ማሳያ አድርገውታል።

ጊዜው ስለ ተቃረበ የቀረውን ለጥያቄ እተወዋለሁ።